ሥራ ፈት ብዬ የጻፍኩት ልብስ ሰፊ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በራችንን ያንኳኳችው ልጅ አንገቷ ላይ ባጅ አንጠልጥላ፣ ታብሌቷን ከዝናቡ ለማዳን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ቀይ ጭቃ ለብሷል። ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በር መክፈት የእኔ ድርሻ ሆኗል። «አካም ቡልተን፣ አባባ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለችኝና ስሟ ሲፈን እንደሆነ፣ ስለ ሥራና ሥራ አጥነት ለሚደረግ ጥናት እንደተላከች፣ የምሰጠው መልስ ሁሉ በምስጢር እንደሚጠበቅ በአንድ ትንፋሽ አነበነበችልኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። እኔው ራሴ ከዚህ ከነቀምቴ እስከ አርጆ፣ ከአርጆ እስከ ኡኬ ስንትና ስንት ደጃፍ ላይ ቆሜ ያልኩት ነው። ያኔ ታብሌት የለም፤ እርሳስ፣ ላጲስና ክንድ የሚያህል ወረቀት ነበር የምንይዘው። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ አንድ ቃል እንኳ አልተለወጠም። «ከዛሬ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ፣ ለክፍያም ሆነ ለቤተሰብ ጥቅም፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሥራ ሠርተዋል?» አለችኝ።

ሦስት ዶሮዎች እንዳሉኝ፣ እንቁላላቸውንም አንዳንዴ ለጎረቤት እንደምሸጥ ነገርኳት። ጣቷን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችና በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ እንቢ ባለበት ሰዓት፣ ሠራተኛ ሆኜ ተመዘገብኩ። እሷን ጠየቅኳት። በኮንስትራክሽን ምሕንድስና ከተመረቀች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ይህ ቆጠራ የአሥራ ሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ከዚህ በፊት የሠራችው የምርጫ ካርድ መጻፍ ነበር። ታዲያ አንቺን የሚጠይቅ ቢመጣ ምን ትሆኚያለሽ አልኳት። «ሠራተኛ ነኛ፣ አባባ። ለዚህ ሳምንት» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የእኔ ዘመን ልጆች አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ የአሁኖቹ ዲግሪያቸውን ይዘው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልዩነቱ ስልክ መያዛቸው ነው። መንገድ ተዘጋ፣ መንገድ ተከፈተ እየተባለ የሚያልፈው ጊዜያቸው በየትኛው ሳጥን እንደሚሞላ አላውቅም። ከዚያ ሲፈን ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስቸገረችኝ። ቀጥሎ ያለው ቤት አልከፈተላትም። ሁለት ቀን ተመላልሳለች። አሮጊቷ ወረቀትም ሆነ ስልክ ለያዘ ሰው አልከፍትም ብለዋታል፤ ባዶ ቤት ይዛ ከተመለሰች ደግሞ ተቆጣጣሪዋ አበሏን ይቆርጥባታል። ጎረቤት ስለሆኑ አብረውኝ ይሂዱ ነው የምትለኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጪ ብዬ ወንበር ሰጠኋት። ዝናቡ ሰበብ ነው። የዚያ ቤት ባለቤት ሀዳ ገመቹ ናት፤ የገመቹ እናት ማለት ነው፤ እሷ በር ላይ ብዕር ይዤ ከቆምኩ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

የዚያን ጊዜዋን ነቀምቴ ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ገበያው የሚወርደው መንገድ ጋሪ የሚጋልብበት ነበር። የቡና መቀሸሪያው ገለባ ጢስ በመኸር ወራት ከተማውን ሁሉ ያለብሰዋል፤ አንሶላችን ሳይቀር ቡና ቡና ይላል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ከነዳቦው ስሙኒ። ሱሪ ቴትሮን ሆኖ ከታች የሚሰፋ፣ ሸሚዙ አንገቱ የውሻ ጆሮ የመሰለ፤ ትንሽ ቆይቶ ካኪ መጣና ሁሉም ካኪ ለበሰ፤ ሰርገኛም ለቀስተኛም ካኪ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ ነው፤ ከካርዱ የተረፈው ደግሞ በጓሮ በር። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ምርትና ስለ ግንባር ይዘፍናል። እሑድ ከሰዓት ብቻ የአድማጮች ምርጫ የሚባል ነበር፤ ያኔ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። አንዳንዴ በዚህ መንገድ ስሄድ የትኛው ጥግ ላይ የትኛውን ዘፈን እንደሰማሁ ትዝ ይለኛል። የዘፋኙን ስም ረስቼ የግድግዳውን ቀለም አስታውሳለሁ። አሁን እዚያ ጥግ ላይ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል፤ መስታወቱ ግማሹ አልተገጠመም።

አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ተሸክሞ ነግዶ፣ በመጨረሻ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔ ሱቁን አልወድም ነበር። ጨውና ኩራዝ መሸጥ ለተማረ ሰው ነውር ይመስለኝ ነበርና የመንግሥት ብዕር የሚያዝበት ሥራ ሳገኝ እግሬ መሬት አልነካም አለ። ወር ደመወዙ ከአባቴ የሳምንት ትርፍ ያንሳል፤ ግን ቦርሳ አለው። የጨርቅ ቦርሳ፣ ማኅተም ያለበት መታወቂያ፣ መመሪያ የሚባል መጽሐፍ። መመሪያውን በቃሌ ይዤው ነበር። አባቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሥራ ያለውንና የሌለውን መቁጠር ነው አልኩት። ሚዛኑን ትቶ አየኝ። «ለዚህማ ምን መዞር ያስፈልጋል» አለኝ። «እዚህ ባንኮኒዬ አጠገብ ቁም። ስኳር በኪሎ የሚገዛ ሥራ አለው። በሲኒ የሚገዛ ግማሽ ሥራ አለው። ዋጋ ጠይቆ የሚሄደው የለውም።» ሳቅሁበት። በኋላ፣ አዲስ አበባ ድረስ እየተጠራሁ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ጎደሎ ሥራ በየአዳራሹ ስሰለጥን፣ ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም።

እውነቴን ነው፤ ጥያቄያችን ከኑሮው ጋር አይገጥምም ነበር። ቡና መጋዘን በር ላይ ጎናቸውን ለግድግዳ ሰጥተው የሚቀመጡ ለቃሚ ሴቶች ነበሩ። መኪና ከገባ ከጠዋት እስከ ማታ ጥቁሩን ፍሬ ከነጩ ይለያሉ። መኪና ካልገባ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ቤታቸው አይሄዱም፣ ምናልባት ከገባስ ብለው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን መኪና ገብቶ ከሆነ ሠራተኞች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ጾማቸውን ቢያድሩ ሠራተኞች ናቸው። አርጆ ላይ አንዲት ሴት የእህቷን ልጅ ሹሩባ ሠርታ አንድ ስሙኒ ስለተሰጣት ሠራተኛ አድርጌ ጽፌያታለሁ። ኡኬ ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬን ሥራ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሁለት ዓመት ፈልጌ ደክሞኝ ተውኩት አለኝ። መመሪያው እንደሚለው ካልፈለገ ሥራ አጥ አይደለም፤ ሠራተኛም አይደለም። የትም የሌለ ሰው ሆነ። እሱ ራሱ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ይህን ሁሉ ያኔ እንደ ዕውቀት ነበር የማየው። የምስቅበትም ጊዜ ነበር።

ገመቹ የሀዳ ገመቹ አንድ ልጇ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ለእናቱ በሰጧት የእጅ መኪና ልብስ ስፌት ተምሮ፣ በኋላ የእግር መኪና ገዛ። መኪናዋን የዘረጋው አባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። በጠዋት ከእኛ ሱቅ ቀድሞ ይከፍታል። ረዘም ያለ፣ ጎንበስ ሲል አከርካሪው በሸሚዙ ላይ የሚቆጠር ልጅ ነበር፤ ከንፈሩ መሐል ሁልጊዜ መርፌ አለ፤ መርፌውን እንደያዘ ያወራል፤ አንድም ቀን ዋጠው ሲባል አልሰማሁም። መኪናዋ ራስ ላይ ትንሽ ሬዲዮ አስቀምጦ፣ የአድማጮች ምርጫ ሰዓት ሲደርስ እግሩ ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል። ዴዴሳን ተሻግራ ስለቀረች ልጅ የሚዘፈን የኦሮምኛ ዘፈን ነበር፤ እሱ ሲመጣ ስፌቱ ቀስ ይላል። ከዓለም ሁሉ የሚበልጥ ተጨዋች ነበር። እኔን «ተካ ባለቦርሳው» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። መመሪያዬንና ቦርሳዬን ይዤ የምዞርበትን ግራጫ ቴትሮን ሱሪ የሰፋልኝ እሱ ነው፤ አምስት ብር ነበር ስፌቱ፤ ከእኔ ግን አራት ነው የተቀበለው።

አሁን ልናገር የምፈልገው ነገር ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ላይገባው ይችላል። በእኛ አገር እናት ልጇን በእንግዳ ፊት አታሞግስም። ጥሩ የምትታለብ ላም ያላትን ሴት ላምሽ እንዴት ናት ብትላት፣ ኧረ ለጥጃዋም አትበቃ ትልሃለች። ማሳው ሞልቶ የተዘረገፈለት ገበሬ ዘንድሮ እንዴት ነው ሲባል፣ ምን አለ ብለህ ነው ይላል። አንድ ልጅ ያላት እናት ደግሞ ስለ ልጇ ስትጠየቅ ታሳንሰዋለች፣ ታቀለዋለች፤ ዓይን እንዳይበላው። ወንጌል አማኝ ሆነች አልሆነች ለውጥ የለውም፤ በቡና አያምኑም፣ በጨሌ አያምኑም፣ ልጃቸውን ግን አያሞግሱም። ወረቀት ይዞ የሚቆጥር ሰው ፊት ደግሞ ይብሳል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ሰሚው በልቡ ገልብጦ ይሰማዋል። ነቀምቴ ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ።

ቀኑን ሳይሆን ድንቹን አስታውሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሀዳ ገመቹ ከአርጆ የመጣ ድንች ቀቅላ፣ ቅመም ያለው ጨው በትንሽ ሳህን አድርጋ አቀረበችልኝ። ያን ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣው ተቆጣጣሪያችን ቅጾቼን አገላብጦ ካየ በኋላ በሰው ፊት አዋርዶኛል፤ በአንተ ሰፈር ሥራ አጥ የለም እንዴ፣ ቤት ለቤት ዞረሃል ወይስ ሻይ ቤት ተቀምጠህ ሞላኸው ብሎኛል። ያ ንግግር ሲያቃጥለኝ ከርሟል። ድንቼን እየላጥኩ የቤቱን ጥያቄ ጀመርኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት። ከዚያ ገመቹ ምን ይሠራል አልኳት። ሀዳ ገመቹ እጇን አወራጨችና ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። «ተወኝ ተካ ኮ፣ ተካዬ። እሱ ምን ሥራ አለው። እንዲሁ ሲዞር ይውላል እንጂ።» ፈገግ ብላ ነበር። አንድ ሰዓትም አልሠራም? አንድ ሰዓትም። ቢያገኝ ይሠራል? ቢያገኝማ ይሠራል። መመሪያው መልስ ሰጪው ያለውን እንዳለ ጻፍ፣ አታሻሽል፣ አትተርጉም ይላል። የልጁን ሱሪ ለብሼ፣ ልጁ በዚያች ሰዓት አባቴ በረንዳ ላይ እየሰፋ መሆኑን እያወቅሁ፣ የሥራ አጥ ኮዱን ጻፍኩ። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም፤ ደስ ነው ያለኝ። ለተቆጣጣሪዬ የምወስድለት አንድ ሥራ አጥ አገኘሁ።

ቅጾቹን ማታ ማታ የምናስቀምጠው ቀበሌው ቢሮ ውስጥ ነው፤ የራሳችን ቢሮ አልነበረንም። ቁም ሳጥኑ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ የሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። በምስጢር ይጠበቃል ያልኩት ምስጢር እዚያ ነበር የሚያድረው። ሳምንት ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ሜዳው ላይ ሁለት የጭነት መኪና ቆሞ ተገኘ። ለግንባር ወጣት ተጠይቋል፤ ከየቀበሌው ኮታ ወጥቷል። ሥራ ያለው እንዲቀር፣ ሥራ የሌለው እንዲሄድ ታዟል። የሌለው ማን እንደሆነ ማወቅ ደግሞ አላስቸገራቸውም። የቀበሌው ሰዎች ሀዳ ገመቹ ቤት ሲደርሱ ልጄ ሥራ ላይ ነው አለቻቸው። ሳቁባት። አባቴ በረንዳ ላይ አገኙት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋ ነበር። አባቴ ከባንኮኒው ወጥቶ ይህ ልጅ ሠራተኛ ነው፣ መኪናው ይኸው፣ ደንበኞቹ ይኸው ብሎ ለመነ። ወረቀቱ ሥራ የለውም ይላል አሉት። ገመቹ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ የዩኒፎርሙ ደረት ላይ ሰካው፤ ልብሱን አጣጥፎ ለአባቴ ሰጠውና ሄደ። ይህን አባቴ ነው የነገረኝ። እኔ አልነበርኩም፤ ቡርቃ ጃቶ በኩል ቤት እየቆጠርኩ ነበር።

ሀዳ ገመቹ እዚያ ድረስ መጥታ አገኘችኝ። ነጠላዋ በአንድ ትከሻዋ ላይ ቀርቶ፣ አንዱ ጫማዋ በጭቃው ተበልቶ። አልጮኸችም። መኪናዎቹ እስከ ከሰዓት አይሄዱም፣ ልጆቹ ቀበሌው አዳራሽ ተቆልፎባቸዋል፣ አንተ የጻፍከው ነው ይላሉ፣ አንተ ብትነግራቸው ይለቁታል አለችኝ። ሮጥን። ጠባቂው አላስገባሽም አላት፤ በረንዳው ላይ ቀረች፤ እኔ ገባሁ። ውስጥ ሊቀመንበሩ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ተቆጣጣሪዬ ቅጽ ሊሰበስብ መጥቶ ሻይ ይጠጣል። ልጁ ልብስ ሰፊ ነው ብዬ ጀመርኩ። ሊቀመንበሩ ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ቅጹን መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ይህ የአንተ ጽሑፍ ነው?» አለኝ። ነው አልኩ። «እንግዲህ አንዱን ምረጥ። ወይ ልክ ነው፣ ወይ ለመንግሥት የሐሰት መረጃ ሞልተሃል።» ተቆጣጣሪዬ ሻዩን አስቀምጦ አየኝ።

ያን ጊዜ ከሁለት ወር በፊት የተወለደች ልጅ ነበረችኝ። ባለቤቴ ገና አልጠናችም። የሐሰት መረጃ የሞላ ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ እኔ ራሴ ዕድሜዬ ለመኪናው የሚሆን ነበር፤ ከሥራ ከወጣሁ የምገባበትን ሳጥን አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ወስጄ አይደለም። «ልክ ነው» አልኩ። ሊቀመንበሩ ቅጹን መለሰው። ከዚያ ወጣሁ፤ ሀዳ ገመቹ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ለመንኳቸው፣ አልሰሙኝም አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ «ገለቶሚ፣ ተካ» አለችኝ፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። መኪናዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሱ። ልጆቹ ከላይ ሆነው ይዘፍኑ ነበር፤ እንዲዘፍኑ ታዘው ይሁን ፈልገው አላውቅም። የገመቹን ድምፅ ለመለየት ሞክሬ አልቻልኩም።

አንድ ደብዳቤ ብቻ ጻፈ፤ ከሰሜን፣ የቦታው ስም ተሰርዞ። የስፌት መኪናዋን ዘይት ቀቢልኝ፣ ዝገት እንዳይበላት ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ዘመኑ ተገልብጦ ወታደሮች እየተበተኑ ሲመለሱ ሀዳ ገመቹ ወር ሙሉ አውቶቡስ ተራ ዋለች። በኮንጎ ጫማ፣ በተቀደደ ካፖርት የሚወርዱትን ሁሉ እየጠየቀች። ሞተ ያላት የለም፤ አየሁት ያላትም የለም። ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ የሚያስቀምጣት ወረቀት አልመጣላትማ። ከአባቴ ሱቅ መግዛት አቆመች። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህችን ሴት ምን አድርገናት ነው እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሐዘን ነው እለው ነበር። ለራሴም እንዲሁ ነበር የምለው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ልጆቼን በስም እየጠራች ትጠይቀኛለች፤ ልጄን ስድር መጥታለች፣ በሩ ላይ ቆማ መርቃ ተመልሳለች፤ ውስጥ ግን አልገባችም።

በሚቀጥለው ዙር ቆጠራ የሆነውን ልናገርና ላብቃ። ከዚያ ጭነት መኪና በኋላ በእኛ ቀበሌዎች ልጄ ሥራ የለውም የምትል እናት ጠፋች። ልጄ ይነግዳል፣ ልጄ ያርሳል፣ ልጄ ዘበኛ ነው። ዛፍ ሥር ሰክሮ የተኛውን ልጅ በጣቷ እያሳየችኝ ሠራተኛ ነው ያለችኝ አለች። ልጆቻቸውን ማሳነስ የለመዱ ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ማሞገስ ተማሩ። መመሪያው እንዳለው ያሉትን እንዳለ ጻፍኩ። በኋላ አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ ውስጥ ብስኩት እየተሰጠን የእኛ አካባቢ ሥራ አጥነት ቀነሰ የሚል ወረቀት ተነበበ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ተቆጣጣሪ ሆንኩ፤ ከዚያ የተቆጣጣሪዎች ኃላፊ። ሰዎች አሠለጠንኩ። የሀዳ ገመቹ ቤት በሚደርስበት ዙር ሁሉ ቆጣሪዎቹን ሌላ ቦታ ልኬ፣ የቤቷ ጢስ በጣራው ላይ እየታየኝ፣ «ሰው አልተገኘም» ብዬ በእጄ እሞላው ነበር።

ዝናቡ አባራ። ሲፈን ታብሌቷን ከፌስታሉ አወጣች። እንቢ የምልበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ፤ ልጅቷ አበሏ የሚቆረጥባት በእኔ ምክንያት ነው፤ ይህን ደግሞ ለሌላ ሰው ማሸከም አልቻልኩም። ዱላዬን ይዤ አብሬያት ሄድኩ። ሀዳ ገመቹ በሩን ከፍታ እኔን ስታይ አልገረማትም። አርጅታለች፤ ቁመቷ ከሲፈን ትከሻ አይበልጥም፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ልጅቷ በኦሮምኛ አክብራ ሰላም አለቻትና ስለ ምስጢሩ፣ ስለ ሰባቱ ቀናት ነገረቻት። ሀዳ ገመቹ ልጅቷ ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቀች። ከዚያ በጭንቅላቷ ወደ እኔ አመለከተች። «እሱ ይመልስልሽ፣ ልጄ» አለች በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ። «የእኔን ቤት መልስ እሱ ነው የሚያውቀው።»

ሲፈን እኔን አየችኝ። አርባ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ እሱን ትቼ ወደ አሮጊቷ ዞርኩ።

«ሀዳ ገመቹ» አልኳት፣ «ያን ቀን አልሰሙኝም ያልኩሽ ውሸት ነው። ጠይቀውኛል። ልክ ነው ብዬ መለስኩላቸው።»

«በረንዳው ላይ ነበርኩ እኮ» አለች። «መስኮቱ ክፍት ነበር።»

ለምን ይህን ሁሉ ዓመት ዝም እንዳለችኝ ጠየቅኳት።

«ማታውኑ መጥተህ የምትነግረኝ መስሎኝ በሩን ሳልቆልፍ አደርኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ፈርቶ ነው፣ ልጅ አለችው፣ ይመጣል ብዬ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አፌ ነው ልጄን የበላው ስል አንድም ቀን እኔም አለሁበት አላልከኝም። ብቻዬን ተሸከምኩት።»

ይቅር በይኝ ማለት አምሮኝ ነበር፤ አሁን ብናገረው ግን ለእኔ እንጂ ለእሷ አይሆንም። እሷም አልጠበቀችኝም። ለሲፈን የእንጨት ዱካ ሳበችላትና ተቀመጪ አለቻት። ለእኔ አልሳበችም።

«አንተ ሂድ» አለችኝ። «እኔው እመልስላታለሁ።»